ስለ ውድና ስለ ርካሽ

በአማርኛችን ተወደደ የሚለው ቃል ሁለት ትርጓሜ አለው። ሰው በሰው ዘንድ ሲፈቀር ተወደደ ይባላል፤ እህልም በገበያ ዋጋው ከፍ ሲል ተወደደ ይባላል። ረከሰ የሚለውም እንደዚሁ ነው፤ የጤፍ ዋጋ ሲወርድ ረከሰ እንላለን፥ ንጹሕ የነበረ ነገር ሲያድፍና ሲዋረድም ረከሰ እንላለን። የቅኔ ተማሪ ይህን ሲሰማ ሰምና ወርቅ አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል፤ ዳሩ ግን ነገሩ የቃል ጨዋታ ብቻ አይደለም። ቋንቋው ለሁለት ነገር አንድ ቃል ሲሰጥ አንድ ጥያቄ ትቶልናል፤ ይኸውም፥ አንድ ዕቃ ዋጋው ከፍ የሚለው ስለምንወደው ነውን? ወይስ የምንወደው ዋጋው ከፍ ስላለ ነውን?

ይህን ጥያቄ ከታላላቅ ከተሞች ይልቅ በፍኖተ ሰላም ሆኖ መመርመር ይሻላል። ምርጥ ዕቃ በየደጁ በተከመረበት ከተማ ሰው የሚወደውንና የሚገዛውን ለይቶ ለማየት ይቸገራል፤ በፍኖተ ሰላም ግን ምርጥ ዕቃ የሚሻ ሰው ወጥቶ መፈለግ፥ ጠይቆም መንገድ መሄድ አለበትና፥ በፍለጋው ጊዜ የልቡ ነገር ይገለጣል።

ከተማይቱ የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ናት። ቀድሞ ወጀት የተባለው ስፍራ የአሁኑን ስም ያገኘው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1933 ዓ.ም. ከስደት በጎጃም በኩል ሲመለሱ እንደ ሆነ ይነገራል፤ ትርጓሜውም የሰላም መንገድ ማለት ነው። በእውነትም ከተማይቱ የመንገድ ልጅ ናት። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አውራ ጐዳና በመካከሏ ያልፋል፤ ከአዲስ አበባ ወደ 390፥ ከባሕር ዳር ወደ 175 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ኗሪዎቿ የቀን ሠራተኛ፥ የባጃጅ ነጂ፥ አስተማሪ፥ የመንግሥት ጸሐፊ፥ አረቄ አውጪ፥ ከጃቢ ጠህናን ገጠር እህልና በርበሬ ጭኖ የሚመጣ ገበሬ ናቸው። ሱቆቿም ለዚህ ሕዝብ የሚያስፈልገውን ይይዛሉ፤ የፕላስቲክ ባልዲ፥ ማረሻ፥ የላስቲክ ጫማ፥ ሳሙና፥ ብርድ ልብስ፥ ከቻይና የመጣ ስልክ፥ ከቦንዳ የተፈታ ሰልባጅ። ይህ ነውር አይደለም፤ ሱቅ የደንበኛውን መልክ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ሰው በዕድሜው አንድ ጊዜ እንኳ ምርጥ የሆነ ነገር ልግዛ ቢል፥ ደኅና የሐር ልብስ ወይም ጥሩ ሽቱ ወይም የማያጠራጥር ወርቅ ቢሻ፥ ባለ ሱቁ ራሱ «ባሕር ዳር ይሂዱ፥ አለዚያም ከአዲስ አበባ ያስመጡ» ብሎ ይመልሰዋል።

ሰው አብዝቶ እንዲህ ያለውን ዕቃ የሚፈልገው በሠርግ ጊዜ ነው። በአገራችን ልማድ ሙሽራው ለሙሽራይቱ ጥሎሽ ያመጣል፤ ጥሎሹም በሽማግሎችና በሚዜዎች ፊት አንድ በአንድ እየተነሣ ይታያል፥ ይቈጠራል፥ በወረቀትም ይጻፋል። ጻፍ የሚባለው ብዙ ጊዜ እንደ እኔ ያለ ብዕርና ቀለም የለመደ ሰው ነውና፥ ብዙ ጥሎሽ ጽፌአለሁ። በቀድሞ ጊዜ ዝርዝሩ አጭር ነበረ፤ ቀሚስ፥ ኩታ፥ ጥላ፥ የብር ድሪ፥ አልቦ። አሁን ግን ወረቀቱ አንድ ገጽ ሞልቶ ይተርፋል።

ከእኔ ዘንድ ዳዊት የደገመ፥ ኋላም በቡሬ ከተማ በፋብሪካ ሥራ የያዘ አንድ ጕልማሳ ከሠርጉ በፊት መጥቶ፥ «የኔታ፥ ለጥሎሹ አዲስ አበባ ልሄድ ነውና ይመርቁኝ» አለኝ።

«ልጄ፥ ባሕር ዳር አይበቃህም?» አልሁት።

«ባሕር ዳርማ ሁሉ ሰው ይገዛል፤ ከየት አመጣኸው ሲሉኝ ምን ልበል?» አለኝ። ከዚያም የተበደረውን ገንዘብ ነገረኝ፤ ከ1 ዓመት ደመወዙ ይበልጥ ነበር።

«እናትህ የፈተሉትስ ኩታ?» ብዬ ጠየቅሁት።

እርሱም አቀርቅሮ፥ «እርሱማ አለ የኔታ፤ ነገር ግን እርሱ ጥሎሽ ይባላል? የቤት ነው እንጂ» አለኝ።

የቤት ነው እንጂ ያለው ቃል ብዙ የሚያሳስብ ነው። ኩታ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ የጎጃም ልጅ የለም። ጥጡ ከፍሬው ይለያል፥ በደጋን ይነደፋል፥ ባዘቶ ይሆናል፤ ሴቲቱም የቀኑን ሥራ ጨርሳ በማታ መብራት እንዝርቷን ታሾራለች። ክር ቀጥኖ እንዳይበጠስ፥ ወፍሮም እንዳያስቀይም ጣቷ ይጠብቀዋል። ልቃቂቱ እስኪበቃ ክረምትና በጋ ያልፋል፤ ከዚያም ሸማኔው ድሩን አድርቶ ማጉን ይወረውራል። ይህን ሁሉ በዓይኑ ያየ ልጅ ኩታውን የቤት ነው ብሎ ሲያልፈው፥ ማን እንደ ሰፋው ሻጩም እንኳ የማያውቀውን ቀሚስ ግን ሲያከብረው፥ እንግዲህ የወደደው ዕቃውን ሳይሆን ርቀቱን ነው። 175 ኪሎ ሜትር ከሆነ ያንሳል፤ 390 ከሆነ ይሻላል፤ ከባሕር ማዶ ከሆነማ ወደር የለውም።

ዳሩ ግን በጕልማሳው ልንስቅ አይገባንም። ከየት አመጣኸው የሚለው ጥያቄ የእርሱ አይደለም፤ የእኛ የሽማግሎቹ ነው። ደግሞም በልቡ ውስጥ ያለው ነገር ክፉ አይደለም። ለሚያገባት ልጅ፥ አንቺ እንደ ማንም አይደለሽም ብሎ ሊነግራት ይሻል፤ ይህን በአፉ መናገር ያፍራልና ዕቃው እንዲናገርለት ይፈልጋል። ለሠራተኛ ሰው እንጀራና ጨው ይበቃዋል፥ ያማረ ነገር መመኘት ምን ያደርግለታል የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ እንዳየሁት ይህን ምክር የሚሰጡት ያማረውን አስቀድመው የያዙት ናቸው።

በቀድሞው ዘመን ምርጥ ልብስ ይሸለም እንጂ እንደ ዛሬው ለሁሉ አይሸጥም ነበር። ቀይ ጥለት ያለው ጃኖ፥ የሐር እጀ ጠባብ፥ ለምድና ካባ ከንጉሥ ወይም ከመኰንን እጅ የሚሰጥ የማዕርግ ምልክት ነበረ። ገንዘብ ያለው ገበሬም ቢሆን ያለ ማዕርጉ የለበሰ እንደ ሆነ ማን ሰጠህ ይባል ነበር። ዛሬ ግን ብር ያለው ሁሉ የወደደውን ይለብሳል። ይህን የገበያ በጎነት ብለን ልናመሰግነው ይገባል፤ ሱቅ የአባትህ ስም ማን ነው ብሎ አይጠይቅምና። በሌላ ወገን ደግሞ የማይሸለምም የማይሸጥም ምርጥ ነገር በየደብሩ አለ። በምዕራብ ጎጃም ገጠር ሐር ለብሶ የማያውቅ ገበሬ በጥምቀት ቀን የሐሩን ልብሰ ተክህኖና የከፈዩን ጥላ ያያል፤ ከሩቅ አገር የመጣ ቢሆንም የእኛ ነው ይላል፥ አባቱ ከእህሉ ከፍሎ ያዋጣበት ነውና። ዋጋው ስንት ነው የሚል የለም። ቅኔም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት ተደክሞበት ጧት አንድ ጊዜ ይባላል፥ የተባለውም ዳግመኛ አይነሣም፤ እስከ ዛሬ ገዢ የጠየቀው አልሰማሁም።

ጎጃም ለውድ ዕቃ ገበያ እንግዳ አገር አይደለም። በደቡቡ ወገን በየጁቤ አጠገብ የነበረው የባሶ ገበያ ስሙ እጅግ የታወቀ ነበር። በ1830ዎቹ ዓመታት ወደ አገራችን የመጡት እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክና ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ ስለ እርሱ ጽፈዋል። ከዓባይ ማዶ ቡና፥ ዝባድ፥ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይመጣል፤ ከሰሜን አሞሌ ጨው፥ ልብስና ዶቃ ይመጣል፤ ነጋዴው ሁሉ በዚያ ይገናኛል። ነገር ግን በዚያው ሜዳ ላይ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጋራ ሰውም ይሸጥ ነበር። ለመልከ መልካሚቱ ልጅ ብዙ ይጠየቅባታል፥ ለደካማው ሽማግሌ ጥቂት። እንግዲህ ከላይ ያነሣነው ቃል እዚህ ላይ ይመርራል፤ የዚያች ልጅ ዋጋ በተወደደ መጠን ሰውነቷ ረከሰ። ባርነት በሕግ ፈጽሞ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው። የባሶ ነገር የሚያሳየን፥ ዋጋ የወጣለት ሁሉ ከበረ ማለት እንዳይደለ ነው፤ ዋጋ ሊወጣለት የማይገባው ነገር ዋጋ በወጣለት ቀን ይረክሳል።

ቅንጦትን በሕግ ለመወሰን የሞከሩ መንግሥታት ነበሩ። በሮም አገር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ215 ዓመት፥ በጦርነት ችግር ጊዜ፥ ሴቶች ከግማሽ ወቄት በላይ ወርቅ እንዳይኖራቸው፥ ኅብረ ቀለም ያለውም ልብስ እንዳይለብሱ ተደነገገ፤ 20 ዓመት ቈይቶ ሴቶቹ አደባባይ ወጥተው ስለ ጮኹ ሕጉ ተሻረ። በእኛም አገር የገንዘብ ሚኒስቴር በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ለ38 ዓይነት ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድ ከለከለ፤ የቤት መኪና፥ ውስኪ፥ ሽቱ፥ የሰው ጠጕር ከነዚሁ ነበሩ። ምንዛሪ ላጠረው መንግሥት ይህ ምክንያት የሌለው ሥራ አይደለም፤ ዳሩ ግን የሀብታሙ መኪናና ሙሽራይቱ በዕድሜዋ አንድ ጊዜ የምትቀባው ሽቱ በአንድ ወረቀት ላይ ተጽፈው ሳይ ተገርሜአለሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ክልከላው ተነሣ። ያን ጊዜም 57 ብር ገደማ የነበረው 1 የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚመጣው ዕቃም ማንም አዲስ ወዳጅ ሳያገኝ ተወደደ።

የሆላንድ ተወላጅ ሆኖ በእንግሊዝ አገር የኖረ ማንደቪል የሚባል ሐኪም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1714 ስለ ንቦች ምሳሌ መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። አሳቡም፥ የሀብታሞች ቅንጦትና ከንቱ ውዳሴ ለብዙ ድኆች እንጀራ ነው፤ ሁሉ ቍጥብ ቢሆን ሸማኔውም ወርቅ አንጥረኛውም ይራባል የሚል ነው። ይህ ክርክር ቀላል አይደለም፤ እኔም ፈጽሜ ሐሰት ነው ልለው አልደፍርም። ዳሩ ግን እንጀራው የማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። የቡሬው ጕልማሳ የተበደረውን ገንዘብ በአዲስ አበባ ሲያወጣ የከተማው ነጋዴ ይበላበታል፥ የባሕር ማዶው ፋብሪካም ይበላበታል፤ በፍኖተ ሰላም የተቀመጠው ሸማኔ ግን ከዚያ ገንዘብ አንዲት ሳንቲም አይደርሰውም።

ስለ ንብ ከተነሣ፥ የእኛን ማር እንመልከት። ማሩ ከገጠር በጀሪካን ሆኖ በአውቶቡስ ጣራ ላይ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ በዚያ ተጣርቶ በጠርሙስ ይሞላል፥ ያማረ ወረቀትም ይለጠፍበታል። የፍኖተ ሰላም ሰው ዘመዱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ በሄደ ጊዜ ይህንኑ ጠርሙስ አይቶ ያደንቃል። የቡሬና የፍኖተ ሰላም በርበሬ፥ የጎጃም ነጭ ጤፍ በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። በአዲስ አበባ ያለች የቤት እመቤት የጎጃም ጤፍ ነው ሲሏት ዋጋ ትጨምራለች፤ በጎጃም ግን ጤፍ ነው ይባላል፥ ሌላ ስም የለውም። በ2013 ዓ.ም. የተመረቀው የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ የታሰበው የገበሬው ምርት በአገሩ አጠገብ እንዲቀነባበር ነው፤ አሳቡ መልካም ነው። (በነገራችን ላይ፥ ሸመተ የሚለው ቃል በጥንት እህል ገዛ ማለት ነበረና፥ ገበሬ ሸማች መባልን እንደ ነውር ይቈጥረው ነበር። ዛሬ ሁላችንም ሸማቾች ተብለናል፥ ያፈረም የለም።)

እንግዲህ የአገር ዕቃ የረከሰው ሰዎች ስለ ናቁት ብቻ ነው ብል እውነቱን ግማሽ እናገራለሁ። በቅቤ ውስጥ ሙዝ፥ በበርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት፥ በማር ውስጥ ስኳር እየቀላቀሉ ሲሸጡ የተያዙ ሰዎች ወሬ በአገራችን በየጊዜው ተሰምቷል። እንዲህ ያለው ዕቃ በሁለተኛው ትርጓሜ ረክሷል፤ የረከሰውም በሻጩ እጅ ነው። ገዢው ወደ ሱቅ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ቃል፥ «ኦሪጅናል ነው?» የሚል ነው። ይህን ቃል ብዙ ሰዎች የቅንጦት ምልክት አድርገው ይነቅፉታል፤ እኔ ግን የተታለለ ሰው ጩኸት ሆኖ ይሰማኛል። ሰውየው የሚፈልገው የፋብሪካ ስም አይደለም፥ የማይዋሸው ሻጭ ነው። ያን ሻጭ በሰፈሩ ቢያጣው በሩቅ ያለ ይመስለዋል። በመርካቶም ቢሆን የታወቀ ስም የተለጠፈበት የሐሰት ዕቃ ሞልቷል፤ እንዲያውም የሩቁን ሻጭ ውሸት መልሶ የሚጠይቅበት መንገድ የለውም፤ የሰፈሩን ሻጭ ግን በእሑድ ቀን በቤተ ክርስቲያን ደጅ ያገኘዋል።

ስለዚህ በፍኖተ ሰላም ምርጥ ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ይከፈት ቢባል፥ መስተዋትና የኤሌክትሪክ መብራት ያሸበረቀበት ቤት ወደ አሳቤ አይመጣም። የማሩ ቀፎ የት እንደ ነበረና በየትኛው ወር እንደ ተቈረጠ የሚናገር፥ በኩታው ጠርዝ ላይ የፈታይቱንና የሸማኔውን ስም የሚያስጽፍ፥ ሚዛኑን ገዢው ራሱ እንዲያይ የሚያደርግ ሰው ቢገኝ ይበቃል። በዚህም ላይ ችግር አለ። በእጅ የተፈተለና የተሸመነ ልብስ ለሠሪዎቹ የድካማቸው ዋጋ በትክክል ከተከፈለበት በማሽን ከተሠራው እጅግ ይወደዳል፤ የቀን ሠራተኛው አይደርስበትም። ዋጋው ለገዢው ይርከስ ቢባል ደግሞ የሚረክሰው የፈታይቱ ሌሊት ነው። ሁለቱም ድኆች ናቸው፤ ለማን እንደምንፈርድ እስካሁን በግልጥ የነገረን ሊቅ አላገኘሁም። ምናልባት ጥቂት በጥቂት እየተከፈለ፥ ዕቁብ እንደሚጠጣ ተደርጎ፥ ይህ ነገር ይቻል ይሆናል።

አንባቢ ሆይ፥ አገር በችግር ላይ ሳለ ስለ ሐርና ስለ ሽቱ መናገር ምን ይባላል? ትለኝ ይሆናል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በፍኖተ ሰላም በደረሰው ፍንዳታ ከ20 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት ምክንያት ያ የሰላም መንገድ የተባለው ጐዳና በየጊዜው ተዘግቶ ነበር። ነገር ግን ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ያው የመንገዱ መዘጋት ነው። መንገድ በተዘጋባቸው ወራትም ሰው ያገባ ነበር። በዚያ ጊዜ የጻፍኋቸው ጥሎሾች ከከተማው የተገኘ ቀሚስ፥ ከጎረቤት የተዋሱት ጥላ፥ ከእናት ሣጥን የወጣ ድሪ ነበሩ፤ ከሽማግሎቹም አንዱ ስንኳ ከየት አመጣኸው ብሎ አልጠየቀም። ሙሽሮቹም በዚያ ምክንያት ተዋረድን ሲሉ አልሰማሁም። መንገዱ በተከፈተ ጊዜ ግን ከጭነት መኪናዎቹ ጋራ ጥያቄው ተመልሶ መጣ።

የቡሬው ጕልማሳ ሠርግ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። የጥሎሹ ወረቀት ሁለት ዓምድ አለው፤ በአንዱ ዕቃው፥ በሌላው ዋጋው ይጻፋል፤ ወደ ፊት ባልና ሚስት ቢጣሉ ለመተማመኛ እንዲሆን ነው። እኔም የእናቱ ኩታ ከሁሉ በፊት ይጻፍ አልሁ፤ ሽማግሎቹ እሺ አሉ። ዋጋው ስንት ይባል? በተባለ ጊዜ ግን ክርክር ተነሣ። አንዱ፥ የጥጡና የሸማኔው ይጻፍ፥ ሌላው የቤት ነው አለ። ሁለተኛው፥ እንዲህ ከተጻፈማ ከጫማው ያነሰ ሆኖ ይታያል፥ ለሙሽራው እናት ስድብ ነው አለ። ሦስተኛው፥ የፈተሉበት ሌሊት ሁሉ ይቈጠር አለ፤ ማን ቈጥሮት ያውቃል? ብለው መለሱለት። ባዶ ይቅር ያለም ነበረ፤ ለርሱም፥ ባዶ የሆነ ነገር በዳኛ ፊት እንደ ሌለ ይቈጠራል አሉት። ምሳ ቀርቦ ነበርና ክርክሩ ሳያልቅ ተነሣን። ኩታው በወረቀቱ አንደኛ ተራ ላይ ተጽፏል፤ ዋጋው ግን አልተጻፈበትም።